ጣሪያ አልባው ቻምበር የቱንድራን መሞቅ ይወክላል? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

ክሩ፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደው ውይይት፣ የተከፈተው በአንድ ጥያቄና በአንድ ድምዳሜ ነው። ከፋቹ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ግሬግ ሄንሪ በሰሜን ካናዳ፣ ኤልስሜር ደሴት ላይ፣ አሌክሳንድራ ፊዮርድ በሚባለው ስፍራ ስላካሄዱት ጥናት አንብቧል። እዚያ ከ1992 ጀምሮ በቱንድራው፣ ማለትም ዛፍ በማይበቅልበት የዋልታ ሜዳ ላይ፣ ትንንሽ ጣሪያ አልባ ቻምበሮች ተተክለው፣ ውስጣቸው ያለው ተክል ውጪ ካለው ጋር ሲነጻጸር ቆይቷል። ጥያቄው ማሞቂያ የሌለው የፕላስቲክ ግድግዳ የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት ይወክላል የሚል ነው። ድምዳሜው ደግሞ እንዲህ ነበር፦ ሙቀት ሲጨምር ዕጽዋቱ የሚያድጉ ከሆነ ካርቦን ይስባሉ፤ እንግዲያው ስለ ፐርማፍሮስት (ከዓመት ዓመት በርዶ የሚቆይ መሬት) መቅለጥ የሚባለው ተጋንኗል፤ አረንጓዴነቱን ሳተላይት ስለሚያሳየን መስክ መውረድም አያስፈልግም። አጻጻፉ ትሁት ነበር። ድምዳሜው ግን ብዙ ሰው ቀሰቀሰ።

መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። ዓመተ ምህረቶቹና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «በጋ» እና «ክረምት» ስልም የዋልታውን ሞቃትና ቀዝቃዛ ወራት ማለቴ ነው።

መልስ 1። በአክብሮት ጀምሮ መጀመሪያ ቦታውን አስረዳ። አሌክሳንድራ ፊዮርድ በሰሜን ኬክሮስ 79 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በበረዶ ግግርና በገደል የታጠረ ዝቅተኛ ሜዳ ነው። ዙሪያው ጠፍ የዋልታ በረሃ ሲሆን እሱ ግን ዕጽዋት የበዛበት ነው። ስለዚህ እዚያ የተገኘ ቁጥር ለአላስካ ወይም ለሳይቤሪያ ቱንድራ እንዳለ አይወሰድም። በ1990 የተጠነሰሰው ዓለም አቀፉ የቱንድራ ሙከራ በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት ቻምበርና አንድ ዓይነት አለካክ እንዲሠራበት ያደረገው ለዚሁ ነው።

ከዚያ ወደ አሠራሩ ገባ። የተለመደው ቻምበር ስድስት ጎን አለው። ግድግዳዎቹ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፋይበርግላስ ወይም ፖሊካርቦኔት ይሠሩና በ60 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ቁመቱ 40 ሴ.ሜ ከሆነ እያንዳንዱ ግድግዳ አናቱ ላይ ሲደርስ 23 ሴ.ሜ ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የታችኛው ስፋት 1.5 ሜትር ቢሆን የላይኛው ክፍተት ወደ 1.04 ሜትር ይጠባል ማለት ነው። የፀሐይ ጨረር ይገባል፣ ነፋስ ይገታል፣ የሞቀው አየር ቶሎ አይበተንም። በዚህ ብቻ የበጋው አማካይ ሙቀት ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት አገር ለአሥርት ዓመታት ሊቆም የቻለውም ኃይል ስለማይፈልግ ነው።

መልስ 2። የመጀመሪያውን አመስግኖ የተዘለለውን ሞላ። ቻምበሩ የሚቀይረው ሙቀትን ብቻ አይደለም። ነፋስ አዝንብሎ የሚያመጣው ዝናብ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ዳር ዳሩ ይደርቃል፣ የአበባ ዱቄት አመላላሽ ነፍሳት መግቢያው ይጠብባቸዋል፣ ካሪቡና ማስክ ኦክስ የተባሉት የዋልታ ሣር በል እንስሳት እንደ ልባቸው አይግጡበትም። ስለዚህ ከግድግዳው ሥር ያለው ዙሪያ ይተውና መሃሉ ብቻ ይለካል። ዓመቱን ሙሉ ከቆመ በረዶ ያከማቻል፤ የተከማቸው በረዶ ለአፈሩ ብርድ ልብስ ስለሚሆነው ክረምቱ ይለዝባል፣ በጸደይ ደግሞ የሚቀልጥበት ቀን ይፋለሳል። ይህን የማይፈልግ ቡድን በረዶው ሲያልቅ ይተክላል፣ የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ ያነሳል። የትኛው እንደተመረጠ በሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ሁለት ጣቢያዎችን ማነጻጸር ከንቱ ነው።

ይኸው ሰው ስለ ጥገናም ጥሩ ነገር አለ። አፈሩ ሲበርድና ሲቀልጥ ካስማውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው ከመሬቱ ተነስቶ ክፍተት ከተፈጠረ ነፋስ በሥሩ ይገባና የተገኘው ሙቀት ይባክናል። በየጸደዩ የስድስቱም ጎን ግርጌ በእጅ ተዳስሶ መጠጋት አለበት። የፕላስቲኩ ብርሃን የማሳለፍ አቅም በፀሐይ ብዛት ይቀንሳልና በብርሃን መለኪያ ከውስጥና ከውጪ መፈተሽ አለበት። የአየር ሙቀት ሴንሰሩም የፀሐይ መከላከያ ይፈልጋል፣ ያውም ከውስጥም ከውጪም አንድ ዓይነት። ውስጥ ያለው ሳይከለል ውጪ ያለው ከተከለለ ልዩነቱ የሚለካው የፀሐይን ጨረር ነው፤ ቻምበሩ ያመጣው መሞቅ በዚያ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

መልስ 3። አጭር ቢሆንም የከፋቹን ድምዳሜ በቀጥታ የነካው የመጀመሪያው ነው። በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣና 28 የቱንድራ ቦታዎችን፣ 56 የቻምበር ሙከራዎችን ያሰባሰበ ጥናት አስታወሰ። አየሩ በአማካይ በ1.4 ዲግሪ ሲሞቅ አፈሩ የሞቀው በ0.4 ዲግሪ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በእድገት ወቅት የሥነ ምህዳሩ ትንፈሳ፣ ማለትም ከዕጽዋትና ከአፈር ተሕዋስያን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በ30 በመቶ ጨምሯል። ሙከራው 25 ዓመት ከሞላውም በኋላ ጭማሪው አልጠፋም። አፈሩ ይህን ያህል ትንሽ ሞቆ ይህን ያህል ከተነፈሰ፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በሰሜኑ የፐርማፍሮስት ክልል አፈር ውስጥ ከ1,300 እስከ 1,600 ቢሊዮን ቶን ኦርጋኒክ ካርቦን እንዳለ ይገመታል፤ ይህ ከባቢ አየር ከያዘው ካርቦን እጥፍ ገደማ ነው።

መልስ 4። ከፋቹ ተመልሶ መጣ። አመሰገነ፣ ግን አልተረታም። ትንፈሳ በ30 በመቶ መጨመሩ ብቻውን ኪሳራን አያሳይም፤ ፎቶሲንተሲሱም በዚያው ልክ ወይም በላይ ጨምሮ ሊሆን ይችላል አለ። እኔ እንደማየው በክሩ ውስጥ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነበር። መልስ 3 ሚዛኑን በአንድ ጎን ብቻ ነው ያሳየው፣ የጠቀሰው ጥናትም የለካው ትንፈሳን ነው።

መልስ 5። ረጅም ነው፣ ሊቀመጥ የሚገባውም ነው። ሁለቱን ጎኖች ለይቶ መለካት እንዴት እንደሚቻል በደረጃ አስረዳ። በመጀመሪያ የብረት ወይም የፕላስቲክ አንገትጌ፣ ማለትም መለኪያው ሳጥን የሚያርፍበት ክፈፍ፣ አፈር ውስጥ ይቀበራል። በተቀበረ ዕለት ከተለካ የተቆረጡት ሥሮችና የተረበሸው አፈር ጋዝ ስለሚለቁ ቁጥሩ የውሸት ይሆናል፤ ከተቻለ ባለፈው ወቅት ይቀበር። አንገትጌው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሳጥን ይገጠማል፣ ውስጡ አየሩን የሚቀላቅል ትንሽ ማራገቢያ ይኖራል፣ ግፊቱ ከውጪው ጋር እንዲስተካከል ቀጭን መተንፈሻ ይበጅለታል። ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በየሰከንዱ ይመዘገባል፤ ይህ የተጣራውን ልውውጥ ይሰጣል። ሳጥኑ ተነስቶ ይናፈሳል፣ እንደገና ይገጠምና በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። ብርሃን ስለሌለ ሁለተኛው ንባብ ትንፈሳ ብቻ ነው። የሁለቱ ልዩነት ፎቶሲንተሲስን ይነግረናል።

ስሌቱንም አልሸሸም። ሳጥኑ በሁሉም ጎን 40 ሴ.ሜ ከሆነ ይዘቱ 64 ሊትር፣ የሚሸፍነው መሬት 0.16 ካሬ ሜትር ነው። በ10 ዲግሪ ሙቀትና በ100 ኪሎ ፓስካል ግፊት ውስጡ 2.72 ሞል ገደማ አየር አለ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን በሰከንድ በሚሊዮን 0.1 ክፍል እየጨመረ ከሄደ ከአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ የሚወጣው 1.7 ማይክሮሞል ነው። ስህተቱ የሚደበቀው ይዘቱ ላይ ነው። አንገትጌው ከአፈሩ በላይ 4 ሴ.ሜ ወጥቶ ከቆመና ይዘቱ ላይ ካልተደመረ እውነተኛው ቁመት 44 ሴ.ሜ ነው፤ ውጤቱ 1.87 መሆን ሲገባው 1.7 ተብሎ ይጻፋል። ሞስ በበዛበት መሬት ላይ ደግሞ የአፈሩ ፊት የቱ እንደሆነ ራሱ ያከራክራል። ስለዚህ በአንገትጌው ውስጥ በበርካታ ነጥቦች በማስመሪያ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል፣ በየዓመቱም ይደገማል፣ ምክንያቱም አንገትጌውንም በረዶ ይገፋዋል።

መልስ 6። እዚህ ላይ ክሩ ሞቅ አለ። ጸሐፊው መልስ 5ን ለዝርዝሩ አመስግኖ፣ ይህ ሁሉ ግን በበጋ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው፣ በበጋ ብቻ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ራሱን ያታልላል አለ። በ2019 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ ላይ የወጣውን ግምት አቀረበ፦ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከፐርማፍሮስቱ ክልል በዓመት 1,662 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ይወጣል፣ በእድገት ወቅት የሚገባው ግን 1,032 ሚሊዮን ቶን ነው። አየሩ ከዜሮ በታች ስለወረደ ብቻ አፈሩ ሥራ አያቆምም። በጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ቀጭን ያልበረደ ውሃ ይቀራል፣ ተሕዋስያኑም እዚያ ይተነፍሳሉ። ዕጽዋቱ ግን ተኝተዋል። ድምፁ ቆጣ ያለ ነበር፣ ነጥቡ ግን ይይዛል።

መልስ 7። ቁጥሩን ተቀብሎ አጠቃቀሙን አረመ። ያ ግምት የሚሸፍነው መላውን የፐርማፍሮስት ክልል ነው፣ የሰሜኑን የጥድ ደንም ይጨምራል፤ የቱንድራ ብቻ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። በዚያም ላይ የክረምት ንባብ የራሱ ወጥመድ አለው። በማማ ላይ የሚሰቀለውና በሰከንድ 10 ጊዜ የሚያነበው፣ የጨረር መንገዱ ለአየር ክፍት የሆነው የጋዝ መተንተኛ በኤሌክትሮኒክሱና በፀሐይ ምክንያት ራሱን በትንሹ ያሞቃል። በብርቱ ቅዝቃዜ ይህች ሙቀት በጨረሩ መንገድ ላይ ያለውን አየር ስለምታሳሳው መሣሪያው ካርቦን ወደ መሬት እየገባ እንደሆነ አድርጎ ያሳያል። ተክሉ በበረዶ ሥር ተቀብሮ ሳለ ፎቶሲንተሲስ የሚያሳይ የጥር ንባብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። ማረሚያ ስሌት አለ፤ የተሻለው ግን ጨረሩ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍበትን መሣሪያ መጠቀም ነው።

መልስ 8። መልስ 6 ተመልሶ፣ የክልሉን ወሰን መጥቀስ ነጥቡን ማድበስበስ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሁለቱ እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረዱ። አንድ አወያይ ገብቶ ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ሰውየው እንዳይጻፍ አሳሰበ። ከዚህ ልውውጥ የተረፈው ጠቃሚ ነገር አንድ ነው፦ መልስ 6 ሌላው ሙቀት አማቂ ጋዝ ስለሆነው ሚቴን አነሳ። በአላስካ ቱንድራ ላይ በማማ በተለካው መሠረት ከዓመቱ የሚቴን ልቀት ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣው በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ነው። ብዙው የሚለቀቀው ደግሞ አፈሩ ዜሮ ዲግሪ ላይ ተሰክቶ በሚቆይባቸው፣ ከበጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ላዩ በርዷል፣ ታቹ ፐርማፍሮስት ነው፣ መካከሉ ግን ውሃው በረዶ ሲሆን በሚለቀው ሙቀት እርጥብና ሕያው ሆኖ ይቆያል። ይህን ለመያዝ ሴንሰሩ ዜሮን በትክክል ማወቅ አለበት። ከመቀበሩ በፊት ከንጹህ ውሃ በተሠራ የተፈጨ በረዶና በውሃ ድብልቅ ውስጥ ተነክሮ፣ ንባቡ እስኪረጋ ተጠብቆ፣ ከዜሮ ያፈነገጠበት መጠን ይመዘገባል። የ0.3 ዲግሪ ስህተት ሐምሌ ላይ ማንም አያየውም፤ ጥቅምት ላይ ግን አፈሩ የሚበርድበትን ቀን በሳምንታት ሊያዛንፍ ይችላል።

መልስ 9። ወደ ሳተላይቱ መለሰን፣ ጥሩም አደረገ። አረንጓዴነት ከሳተላይት ምስል በሚሰላ፣ ኤንዲቪአይ በሚባል ቁጥር ይለካል፦ ከቅርብ ታህታይ ቀይ ብርሃን ላይ ቀይ ብርሃን ይቀነስና ለድምራቸው ይካፈላል። ረጅሙ መዝገብ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ይነሳል፣ ግን ፒክስሉ፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ ስፋቱ በኪሎ ሜትሮች ነው። ከ2000 ወዲህ በ250 ሜትር ይገኛል፣ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ደግሞ በ30 ሜትር ያሳያሉ። በ30 ሜትርም ቢሆን አንድ ፒክስል ውስጥ ኩሬ፣ ጠጠር፣ ላይክን (የድንጋይ ሽበት) እና የአኻያ ቁጥቋጦ አብረው ይኖራሉ። ኩሬው ከደረቀ ፒክስሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንድም ተክል ሳይረዝም። በረዶው በአሥር ቀን ቀድሞ ከቀለጠም እንዲሁ። ደመናና ዝቅ ያለችው ፀሐይ ስላሉበት በአንድ በጋ ንጹህ ምስል የሚገኝባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። አረንጓዴነቱ በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ አረንጓዴነታቸው ቀንሶ ቡናማ የሚሆኑ አካባቢዎችም አሉ፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን ግን መደብ፣ ማለትም መሬት ላይ ተከልሎ በየጊዜው የሚለካ ትንሽ ቁራጭ ነው።

መልስ 10። ያንን መደብ አነሳ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፍሬም ላይ ክር ተወጥሮ 100 መገናኛ ነጥብ ይወጣለታል። በየነጥቡ ቀጭን ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ እስከ መሬት ድረስ የነካው ሁሉ ይጻፋል፦ የተክሉ ዓይነት፣ ሕያው ወይም ደረቅ፣ የነካበት ከፍታ። ፍሬሙ በየጊዜው በዚያው ቦታ እንዲያርፍ ማዕዘኖቹ ላይ ቋሚ ምልክት ይተከላል፣ በውሃ ልክም ይስተካከላል። 2 ሴ.ሜ ከተንሸራተተ መቶውም ነጥብ ሌላ ቅጠል ላይ ያርፋል። ትልቁ ችግር ንባቡን የሚወስደው ሰው መለዋወጥ ነው፤ አንዱ ሞስ ያለውን ሌላው ላይክን ሊለው ይችላል። መፍትሔው ተሰናባቹና ተተኪው አንድ መደብ በአንድ ቀን ለየብቻ አንብበው ልዩነታቸውን ማስመዝገባቸው ነው። ይህ ካልተደረገ የሰው ለውጥ የአየር ንብረት ለውጥ ይመስላል።

መልስ 11። ለእኔ የክሩ ልብ ይሄ ነው። ጸሐፊው ከራሱ ከአሌክሳንድራ ፊዮርድ የወጡ ሁለት ውጤቶችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆኑ ድንክ ቁጥቋጦዎች በበዙበት መሬት ላይ፣ ምንም ሳይነካ የተተወው ዕጽዋት በ1981 እና በ2008 መካከል ጠቅላላ ክብደቱን ጨምሯል። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓይነት መሬት ላይ በቻምበር ለ15 ዓመት የሞቁት መደቦች በዕጽዋት ስብጥር ከማነጻጸሪያዎቹ ብዙም አልተለዩም። ውጪ ያለው ሲያድግ የሞቀው እንዴት ባለበት ይቆማል?

እሱ የሰጠው ማብራሪያ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ማነጻጸሪያው መደብ ራሱ ቆሞ አልጠበቀም። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል፤ ስለዚህ ቻምበሩ የሚያሳየው በመሞቅ ላይ ባለ መሬት ላይ የተጨመረች ተጨማሪ ዲግሪን ነው። ውስጡና ውጪው አብረው ካደጉ ልዩነታቸው ዜሮ ይሆናል፣ ለውጡ ግን ዜሮ አይደለም። ሁለተኛው፣ በዚህ ኬክሮስ ተክሉን የያዘው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ናይትሮጅንና እርጥበትም ይይዙታል፣ እነሱ ደግሞ በአየር ሙቀት ሳይሆን በአፈሩ ፍጥነት ነው የሚለቀቁት። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት በሁለት ዓምድ ነው ይላል፦ ውስጡ ከውጪው ዛሬ ስንት ይለያል፣ ውጪውስ ከራሱ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስንት ይለያል። በ2012 የወጣውና ከ1980 እስከ 2010 በ46 ቦታዎች 158 የዕጽዋት ማኅበረሰቦችን የተከታተለው ትንተና ሁለተኛውን ዓምድ ነው የሞላው፦ ቁመት ጨምሯል፣ ቁጥቋጦ ጨምሯል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሯል፣ ባዶ መሬት ቀንሷል። የጥያቄው ከፋች ቻምበሩ የአየር ንብረትን ይወክላል ወይ ብሎ ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ የሚገባኝ፣ ቻምበሩ መወከል እንዳልተፈለገበት፣ ከረጅም መዝገብ ጋር ካልተነበበ ግን ግማሽ ሒሳብ እንደሆነ ነው።

መልስ 12። ቁጥቋጦ መጨመሩ ለፐርማፍሮስቱ ክፉ ነው ብሎ ቸኩሎ ደመደመ፦ ክረምት ላይ ቅርንጫፎቹ በረዶ ይይዛሉ፣ አፈሩ አይቀዘቅዝም፣ በጸደይ ከበረዶው በላይ የወጡት ጥቁር ቅርንጫፎች የፀሐይን ሙቀት ይመጥጣሉ።

መልስ 13። ይህን በሙከራ አረመው፣ ትንሽ ሸካራ በሆነ አነጋገር። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ ኪታሊክ በተባለ ስፍራ፣ ድንክ በርች የተባለው ቁጥቋጦ በ2007 ከክብ መደቦች ላይ ተቆረጠ። ጥላው ሲጠፋ በበጋ የሚቀልጠው ንብርብር ጠለቀ፤ ከዓመታት በኋላ መሬቱ ሰምጦ ውሃ አቆረ፣ ሚቴን የሚለቅ ኩሬም ሆነ። እንግዲህ ቁጥቋጦ በበጋ ያቀዘቅዛል፣ በክረምት ያሞቃል፤ የትኛው እንደሚያመዝን በበረዶው ጥልቀትና በመሬቱ ውስጥ ባለው በረዶ መጠን ይወሰናል። መልስ 12 ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 14። ከርዕሱ ወጣ ብሎ ስለ እንስሳት አወራ። ማንም አልከለከለውም፣ ጉዳዩም ከባድ ነበር። በኅዳር 2013 በሰሜን ሩሲያ በያማል ባሕረ ገብ መሬት በበረዶ ላይ ዝናብ ዘነበ፣ ወዲያው ብርቱ ቅዝቃዜ ተከተለ። በግጦሹ ላይ የበረዶ ቅርፊት ተጋገረ። ሬንዲር የተባሉት የዋልታ አጋዘኖች በሰኮናቸው ሊሰብሩት አልቻሉም፣ 61,000 የሚያህሉት ሞቱ። የወሩ አማካይ ሙቀት እንዲህ ያለውን ነገር አያሳይም። ሁለት ሰዎች ተከትለው፣ ግጦሹ ከቀነሰ ቁጥቋጦው ያለ ከልካይ ያድጋል፣ ቻምበሩ ደግሞ ግጦሽን ስለሚያስቀር ይህን ትስስር አያየውም እያሉ መልሰው ወደ መልስ 2 አገናኙት። ሌላ ሰው ስለ እሳት ጨመረ፦ በ2007 በአላስካ አናክቱቩክ ወንዝ አጠገብ 1,039 ካሬ ኪሎ ሜትር ቱንድራ ተቃጥሎ 2.1 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በአንድ ወቅት ወጥቷል።

መልስ 15። ከፋቹ በሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለ። በበጋ ብቻ የተለካ እድገትን ለዓመቱ ሒሳብ እንደማያቀርብ፣ ሳተላይቱንም ከመደብ ጋር እንደሚያነብ ገልጾ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ብቻ አቀረበ፦ የመቅለጥ ጥልቀት በብረት ዘንግ ይለካል ሲባል ሰምቷል፣ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን በቂ አይሆንም?

መልስ 16። መልሱ የመጣው ስለ ሥራው ከሚያውቅ ሰው እንደሆነ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። ዘንጉ 1 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው፣ በሴንቲ ሜትር የተመለከተበት ብረት ነው። የመሬት መቅለጥን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ከ1991 ጀምሮ የሚጠቀምበት የተለመደ መረብ 100 ሜትር በ100 ሜትር ሆኖ በየ10 ሜትሩ ነጥብ አለው፣ በጠቅላላው 121። የሚለካው በበጋው ማብቂያ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ሐምሌ ላይ የተወሰደ ንባብ ያልጨረሰ መቅለጥ ነው። በየነጥቡ ሁለት ጊዜ ይወጋና አማካዩ ይያዛል። ድንጋይ ሲመታ ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ድንጋጤውም ለእጅ ይተላለፋል፤ የበረደ አፈር ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ይህን ዘዴ ትቶ በጉድጓድ ውስጥ የሙቀት ሴንሰሮችን በተለያየ ጥልቀት መደርደር ይሻላል።

ዋናው ችግር ግን ዘንጉ የሚለካው ከመሬቱ ፊት ጀምሮ መሆኑ ነው፣ የመሬቱ ፊት ራሱ ደግሞ ይወርዳል። በአፈሩ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ውሃው ሲሄድ መሬቱ ይሰምጣል። ፊቱ 10 ሴ.ሜ ሰምጦ የበረደው ድንበር 15 ሴ.ሜ ከወረደ ዘንጉ የሚያሳየው የ5 ሴ.ሜ ጭማሪ ብቻ ነው። ተመራማሪው መሬቱ ብዙም አልተለወጠም ብሎ ሲጽፍ 15 ሴ.ሜ የሚሆን የጥንት ካርቦን የያዘ አፈር ቀልጧል። ስለዚህ ከመረቡ አጠገብ ከሚቀልጠው ንብርብር በጣም አልፎ ፐርማፍሮስቱ ውስጥ የተሰካ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ የላይኛው ክፍሉ በረዶ ይዞ እንዳይጎትተው በቅባትና በሌላ ልቅ ቧንቧ ይሸፈናል። በየዓመቱ የመሬቱ ፊት ከፍታ ከዚያ ቧንቧ አናት ተነስቶ ይለካል፣ ወይም ሴንቲ ሜትር በሚለይ የጂፒኤስ መሣሪያ ይወሰዳል። የመሬቱ ፊት ከፍታ ሳይለካ የቆዩ የዘንግ መዝገቦች ደግሞ በረዶ በበዛበት መሬት ላይ የመቅለጡን ዝቅተኛ ወሰን ብቻ እንደሚያሳዩ ታስቦ መነበብ አለባቸው። ከዚያ በኋላ የገባ መልስ የለም።